የዓባይ ሸለቆ ኖራ ድንጋይ ዋጋው በማሳ ላይ ይታያል

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የሚጀምረው ከማዕድን አፋፍ ነው። በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ ተነባብሮ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ጥሬ ዕቃነት ከማገልገሉም ሌላ፣ ተፈጭቶ ሲደቅ የኮመጠጠ ወይም አሲዳማ የሆነን አፈር ያክማል።

ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው ካልሲየምን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስንም አሥሮ ይይዛል። በመሆኑም ገበሬው በብዙ ገንዘብ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። በተለይ ገብስና ባቄላ በብርቱ ይጎዳሉ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ችግር የተነካ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም መሬት ኖራ አይሻም። በብቸና አካባቢ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ መሬት ዋና ችግሩ ውሃ መቋጠሩ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ማጠንፈፍ ነው። ኮምጣጣነት በብዛት የሚያጠቃው የደጋውን ቀይ አፈር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር ግድ ይላል። ከዚሁ ሸለቆ የሚገኘው ጀሶም ቢሆን የአፈርን ኮምጣጣነት ስለማያስወግድ በኖራ ምትክ ሊወሰድ አይገባም።

ትልቁ እንቅፋት ጭነቱ ነው። ማዳበሪያ ለአንድ ሄክታር ጥቂት ኩንታል ሲበቃ፣ ኖራ ግን እንደ አፈሩ ሁኔታ ከ20 እስከ 40 ኩንታልና ከዚያም በላይ ሊፈለግ ይችላል። ድንጋዩ በቅርብ ቢገኝም ሞጣ እስኪደርስ ድረስ ማጓጓዣው ዋጋውን ያንረዋል። ለምሳሌ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ በሄክታር 30 ኩንታል ቢታዘዝለት የሚያስፈልገው 15 ኩንታል ነው፤ ለዚህ ብቻ መኪና መከራየት አይችልም። እንዲህ ያሉ 20 ገበሬዎች ቢተባበሩ ግን 300 ኩንታል፣ ማለትም የአንድ ትልቅ መኪና ጭነት ይሆናል።

ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መበተንና ከአፈሩ ጋር በእርሻ መደባለቅ አለበት። በትክክል ከተሠራበት ጥቅሙ ለበርካታ ዓመታት ይቆያል።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ተግባር ከበጋው መጀመሪያ አንሥቶ አባላትን መመዝገብ፣ አፈሩን ማስመርመርና ጭነቱን በኅብረት ማስመጣት ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚመጣ ኖራ ለዚያ ዓመት አዝመራ አይደርስም።