ቧንቧው ከተሰፋ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2005 የመጨረሻ ቀን፣ ዶክተር ማይክል ደቤኪን ሂዩስተን ቤታቸው ውስጥ ሳሉ ኃይለኛ የደረት ሕመም ያዛቸው። የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አኦርታ፣ ማለትም ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ውስጣዊ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ፈር ከቀደዱት አንዱ እሳቸው ናቸው። የተጎዳውን ክፍል የሚተካውን የዳክሮን ቱቦም በ1950ዎቹ በባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና ሰፍተው ሞክረዋል። አሁን የደረሰባቸው ይኸው ስንጥቅ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አሉ። በየካቲት 2006 ራሳቸውን ሲስቱ ባልደረቦቻቸው አደረጉላቸው። ከሆስፒታል የወጡት ከወራት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በር ላይ የሚጠብቅ ቤተሰብ «ኦፕራሲዮኑ ተሳካ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተሳክቶም ልብ ገና ብዙ ይቀረዋል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ፖታሲየም በበዛበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሆን ተብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ ዳግም ሲመታ ጉልበቱ ወዲያው አይመለስም። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት፣ እንደ አድሬናሊን ባሉ መድኃኒቶች ይደገፋል። ስንጥቁ ልብን ራሱን የሚመግቡትን ቧንቧዎች ነክቶ ከሆነ ደግሞ ጡንቻው አስቀድሞም ተጎድቷል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋኝ በልብ ሽፋን ውስጥ የሚጠራቀም ደም ነው። የተሰነጠቀ ቧንቧ ስስ ስለሆነ ስፌቱ ያንጠባጥባል፤ ልብ ቆሞ ሳለ በልብና ሳንባ ተኪ ማሽን ሲዘዋወር የቆየና የቀዘቀዘ ደምም ቶሎ አይረጋም። ለዚህ ሲባል ደረት ውስጥ ቱቦዎች ይቀመጣሉ፤ ነርሷም የወጣውን ደም በየሰዓቱ ትመዘግባለች። ብዙ ሲወርድ የቆየው ደም ድንገት ቀጥ ሲል ዘመድ «ተመስገን፣ ቆመ» ይል ይሆናል። ልምድ ያላት ነርስ ግን ያኔ ነው የምትደነግጠው፤ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኖ፣ ውስጥ የቀረው ልብን እየጨመቀ ሊሆን ይችላል። ግፊት ይወርዳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የአንገት ደም ሥሮች ይገተራሉ፤ ሽንት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ደረቱ ሳይዘገይ ዳግም መከፈት አለበት።

በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል የልብ ምት መዛባት ይመጣል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይስተካከላል።

ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባም ክትትሉ አያበቃም። ብዙውን ጊዜ የሚተካው ለልብ የሚቀርበው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሆድ የሚወርደው እንደተሰነጠቀ ሊቀር ይችላል። የግፊት መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ መተው አይገባም፤ ሲቲ ስካኑም በቀጠሮው መነሳት አለበት። ችግሩ በዘር ሊሄድ ስለሚችል ወላጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ፣ ልጆቹም ቢመረመሩ ይመከራል።