የኤሌክትሮን ነጥቦችና የከሰል ፍም

የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት ስንጀምር ብዙዎቻችን የሉዊስን የነጥብ ሥዕል የምናጠናው ለፈተና ያህል ነው። ነጥቦቹን እንቆጥራለን፤ ጥንድ ጥንድ አድርገን እንደረድራቸዋለን፤ ፈተናው ሲያልፍም እንረሳቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ግን ይኸው የነጥብ ቆጠራ በየቤታችን ያለውን አንድ አደጋ ለመረዳት የሚጠቅም መሆኑን ነው።

በወሰንና በአካባቢው፥ ከእንጦጦ ተራሮች ሥር፥ የክረምት ሌሊት ብርዱ ይበረታል። በኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ ራቱን ያበሰለበትን ከሰል ማንደጃ ወደ ውስጥ አስገብቶ፥ በሩን ዘግቶ ቢተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ጭሱ አልቋል፤ ፍሙም ቀልቷል፤ አይጎዳም» ይባላል። ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት አስቀድመን ስለ ኬሚካዊ ትስስር ጥቂት እንበል።

አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጊልበርት ሉዊስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይዘው እንደሚተሳሰሩ አስረዳ። በሥዕሉ ላይ በነጥብ የሚመለከቱት በአቶሙ የውጭ ዙር ያሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ካርቦን 4፥ ኦክሲጅን 6 አላቸው። ሁለቱም ሲተሳሰሩ በዙሪያቸው 8 ኤሌክትሮን ወደ ማግኘት ያዘነብላሉ።

ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። በዚህ ሞለኪዩል አንድ ካርቦንና ሁለት ኦክሲጅን ስላሉ ድምሩ 16 ኤሌክትሮን ነው። ካርቦኑ በመካከል ሆኖ በግራና በቀኝ ካሉት ኦክሲጅኖች ጋር ሁለት ሁለት ጥንድ ይጋራል። የቀሩት 8 ኤሌክትሮኖች በኦክሲጅኖቹ ላይ ይቀመጣሉ። በካርቦኑ ዙሪያ ያለው ጥንድ ሁሉ በትስስር ተይዟል፤ ለሌላ የሚሰጠው ትርፍ የለውም።

በጋለ ፍም ውስጥ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍሙ መካከል ሲያልፍ ከሌላ ካርቦን ጋር ተገናኝቶ ወደ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪዩሎች ይለወጣል። ስለዚህ ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ይህን ጋዝ በብዛት ሊያወጣ ይችላል። ጋዙ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም።

አሁን ነጥቦቹን እንቁጠር። 4 እና 6 ሲደመሩ 10 ይሆናሉ። ሁለቱ አቶሞች ሁለት ጥንድ ብቻ ቢጋሩ ለኦክሲጅኑ 8 ሲሞላ ለካርቦኑ 6 ብቻ ይደርሰዋል። ሦስት ጥንድ ሲጋሩ ግን ለሁለቱም 8 ይሞላል፤ የቀሩት 4 ኤሌክትሮኖችም አንድ ጥንድ በኦክሲጅኑ፥ አንድ ጥንድ በካርቦኑ ላይ ይቀመጣሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልነበረው፥ በካርቦኑ ላይ ለብቻው የቀረ ጥንድ እነሆ እዚህ ተገኘ።

አደጋውም ከዚህ ይነሣል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ብረት አለው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ካርቦን ያን ብቸኛ ጥንድ ለብረቱ ሰጥቶ ይተሳሰራል። ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ቁርኝት ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ስለሆነ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝበታል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ይደክመዋል። ተኝቶ ከሆነም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህም ጉዳቱን ያብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአየር ውስጥ የሚበዛው ናይትሮጅንም እንዲሁ 10 ኤሌክትሮኖች፥ ሦስት የጋራ ጥንዶችና ለብቻቸው የቀሩ ጥንዶች አሉት፤ ታዲያ ስለ ምን አይመርዘንም? መልሱ የነጥብ ሥዕል ትስስሩ በየት በኩል ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል እንጂ የትስስሩን ጥንካሬ አይለካም የሚል ነው። ያን ለማወቅ በከፍተኛ ክፍል የሚሰጠው የኦርቢታል ትምህርት ያስፈልጋል። ሥዕሉን የምንጠቀምበት ወሰኑን አውቀን መሆን አለበት።

ስለዚህ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል አናስገባ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም በቂ ዋስትና አይደለም። ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ቢኖር ፈጥነን ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ወደ ሐኪም ቤትም እናድርሰው። ይህንንም በክፍል ውስጥ ለተማርን ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቦቻችንና ለጎረቤቶቻችን ማስረዳት ይገባናል።