ላባዋ ትመስክር፦ የዘረመል ሳይንስና የዜመኛ አዕዋፍ ኮንትሮባንድ

በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ነባር ብሂል መሠረት አንድ ወንድ ሙሉ ሰው ለመባል አምስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ቤት፣ ሚስት፣ ፈረስ፣ ጩቤና ወፍ። ፈረሱን ዛሬ ሞተር ብስክሌት ተክቶታል፤ ጩቤውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቅርስ ሆኗል። ወፏ ግን አሁንም በየደጃፉ በተንጠለጠለ ቀፎ ውስጥ ታዜማለች። በደሴቲቱ የተካሄደ ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት በቀፎ የሚኖሩትን ወፎች ብዛት ከ66 እስከ 84 ሚሊዮን ገምቶታል። ዳኞች የድምፅን ጥራትና ብርታት እየመዘኑ ነጥብ የሚሰጡባቸው የዜማ ውድድሮች ሲደሩ፣ ያሸነፈች ወፍ ዋጋም አብሮ ይንራል።

ከዚህ ድምቀት በስተጀርባ ግን ጫካው ዝም እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጃካርታ ሦስት ገበያዎች ለሦስት ቀናት በተደረገ ቆጠራ ከ19 ሺህ በላይ ወፎች ለሽያጭ ቀርበው ተገኝተዋል። በነጭ ላባዋና በዓይኗ ዙሪያ ባለው ሰማያዊ ቆዳ የምትታወቀው የባሊ ማይና እ.ኤ.አ. በ2001 በዱር የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የታጠቁ ዘራፊዎች የምዕራብ ባሊ ብሔራዊ ፓርክን የማራቢያ ጣቢያ ሰብረው፣ በዚያ ከነበሩት 39 ወፎች አብዛኞቹን ወስደዋል።

ሕጉ የሚሰናከለው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ነጋዴው ሲያዝ «ይህች ወፍ እቤቴ የተፈለፈለች ናት» ይላል። በብዙ አገሮች ፈቃድ ያለው አርቢ በቀፎ የተወለደችን ወፍ መሸጥ ስለሚችል፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ ይወድቃል። ለማረጋገጫ ተብሎ በጫጩቷ እግር ላይ የሚጠለቀው ዝግ ቀለበትም አስተማማኝ አይደለም። ቀለበቱ የሚገባው እግሯ ገና ቀጭን ሳለ፣ በተፈለፈለች በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ይሁንና ከዱር ጎጆ የተሰረቀች ጫጩትም በዚያው ዕድሜ ቀለበት ልታጠልቅ ትችላለች። ከዚያ በኋላ የዱሯን ከቤቷ መለየት ለዓይን ይከብዳል።

ደሟና ላባዋ ግን ታሪኳን ይዘውታል። ማንኛውም ጫጩት በእያንዳንዱ የዘረመል ነጥብ ላይ ሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ። አርቢው «ወላጆቿ እነዚህ ናቸው» ብሎ ሁለት ወፎችን ካቀረበ፣ ባለሙያዎች የሦስቱንም ናሙና ወስደው ነጥብ በነጥብ ያነጻጽራሉ። አንድ ልዩነት በድንገተኛ የዘረመል ለውጥ ሊመጣ ይችላል። ወላጅ በተባሉት ወፎች ዘንድ የሌሉ ቅጂዎች በብዙ ነጥቦች ላይ ከተገኙ ግን የአርቢው ቃል ይፈርሳል። ለምርመራው ጥቂት የደም ጠብታ ወይም ሥሩ ያልተቆረጠ ላባ ሊበቃ ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዱር ጭልፊት ጫጩቶችን ሰርቀው «እኛ ያራባናቸው ናቸው» ያሉ ሰዎች በዚህ መንገድ ተረትተዋል። ያው ምርመራ ንጹሑን አርቢ ከሐሰት ክስ የሚጠብቅ ጋሻም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ዓይነት ወፍ ናት?» የሚለው ነው። ኮንትሮባንድ አንዳንዴ በእንቁላል፣ አንዳንዴ ላባቸውን ገና ባላወጡ ጫጩቶች፣ አንዳንዴም በሬሳ መልክ ስለሚያዝ መልክ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 የካናዳ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ 650 ያህል ፊደላት ርዝመት ያለውን የዲኤንኤ ቁራጭ አንብቦ ዝርያውን መለየት ያስችላል። ይህ ቁራጭ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ፣ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ በእናቷ ዝርያ ብቻ እንዳትመዘገብ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰው ዘረመል አብሮ ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ «አገሯ የት ነው?» ይላል። በአርጀንቲና በዜማው ምክንያት የሚታደነው ቢጫ ካርዲናል በየአካባቢው የተለያየ የዘረመል ስብጥርና የዜማ ዘዬ እንዳለው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከነጋዴ የተወረሰችው ወፍ የመጣችበት አካባቢ ተለይቶ ወደዚያው እንድትመለስ መንገድ ተከፍቷል። በደቡብ ምሥራቅ እስያም ሻማ የተባለችው ወፍ (ስሟ ከምናበራው ሻማ ጋር ቢገጣጠምም ዝምድና የለውም) በደሴቶች መካከል ሰፊ የዘረመል ልዩነት አላት። የአንዱን ደሴት ወፍ በሌላው መልቀቅ ለዘመናት ተለይቶ የኖረን የዘር ሐረግ ይበርዛል።

ሳይንሱ ወሰን አለው። የአንዲትን ወፍ አገር ለማወቅ አስቀድሞ ከየአካባቢው የተሰበሰበ የናሙና ማኅደር ያስፈልጋል፤ ማኅደር በሌለበት ቤተ ሙከራው የሚያነጻጽረው አያገኝም። ከጥቂት ወላጆች በተራቡ፣ እንደ ባሊ ማይና ባሉ ወፎች ዘንድ ደግሞ ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ብዙ ተጨማሪ ነጥቦችን መመርመር ግድ ይላል። ሕጉ ካልደገፈውም ከቤተ ሙከራ የወጣው ውጤት ከወረቀት አያልፍም። በዚህ ረገድ በጎ እርምጃ ታይቷል። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 በፓናማ ተሰብስበው ሻማን በቁጥጥር ሥር ከሚውሉት መድበዋታል፤ ከጃቫ የጠፋችውን ባለ ገለባማ ራስ ቡልቡል ደግሞ ለንግድ ሲባል ከዱር ተይዛ ድንበር እንዳትሻገር ከከለከሉት መዝገብ አስገብተዋታል።

ጉዳዩ የእስያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከጉያና ወደ ኒው ዮርክ የበረረ መንገደኛ 35 ትንንሽ ወፎችን በፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ውስጥ አድርጎ በልብሱ ሥር ደብቆ ተይዟል። በዓረቡ ዓለም «ሐሱን» የምትባለው ባለ ቀይ ፊት ወፍም በምዕራባዊ ማግሪብ ትራባበት ከነበረው ምድር እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ከግማሽ በላዩን ማጣቷን ጥናት አሳይቷል። በአልጀርስ ሰገነቶችም ሆነ በሻም አገሮች ገበያዎች ይህችን ወፍ በቀፎ የሚያሳድጋት ሰው በአብዛኛው ጠልቷት ሳይሆን ዜማዋን ወድዶ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ፍቅር መጀመር አለበት። ቤተ ሙከራ ሌባውን ከአርቢው ይለያል እንጂ ጫካውን በወፍ አይሞላም። ገዢው ከመግዛቱ በፊት «ወላጆቿ የታሉ?» ብሎ የጠየቀና ማስረጃ የፈለገ ዕለት፣ ከዱር የተሰረቀችው ወፍ ገበያ ታጣለች፤ ወጥመድ የሚዘረጋውም ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።