የፍሎረሰንት መብራት ዕድሜና የኤሌክትሮዱ ልባስ

በጎጃም ደጋ፣ እንደ ሮብ ገበያ ባሉ ብርዳቸው በጸና ከተሞች፣ ማታ የሱቁን ፍሎረሰንት ሊያበራ ማብሪያውን የተጫነ ሰው፣ መብራቱ ወዲያው አልበራ ብሎ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ሲልበትና ሁለቱ ጫፎቹም ጠቁረው ሲታዩት፣ ምክንያቱን በመስታወቱ ወይም በጋዙ ይፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን የዚህን መብራት ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው በጫፎቹ የተሸሸገው ኤሌክትሮድ፣ ይልቁንም በኤሌክትሮዱ ላይ የተቀባው ስስ ልባስ ነው።

በቱቦው ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪና እንደ አርጎን ያለ ጋዝ ይገኛል። ከኤሌክትሮዱ የሚፈልቁት ኤሌክትሮኖች የሜርኩሪውን አተሞች ሲመቱ፣ አተሞቹ ለዓይን የማይታይ፣ የሞገዱ ርዝመት 254 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ያወጣሉ፤ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተለበጠው ዱቄትም ያን ረቂቅ ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል።

ይሁን እንጂ፣ በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል ኬላ እንደማያልፍ ሁሉ፣ ኤሌክትሮንም የተወሰነ ኃይል ሳይከፍል ከብረት አይወጣም። ተንግስተን በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ የሚቀልጥ ብርቱ ብረት ስለሆነ ለኤሌክትሮድ የተመረጠ ቢሆንም፣ የሚጠይቀው ቀረጥ 4.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው፤ ጥቂት ቶሪየም ሲጨመርበት ግን ወደ 2.6 ይወርዳል። ጀርመናዊው ሊቅ አርተር ቬኔልት በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ እንዳሳየው፣ የባሪየምና የመሰሎቹ ኦክሳይድ የተቀባ ብረት ሲግል ኤሌክትሮን በብዛት ይለቃል፤ ስለዚህም በፍሎረሰንት ውስጥ የተጠመዘዘው የተንግስተን ሽቦ የባሪየም፣ የስትሮንሺየምና የካልሲየም ኦክሳይድ ይለብሳል።

ለፋብሪካና ለአውራ ጎዳና በሚሠሩት ታላላቅ መብራቶች ዘንድ ነገሩ ይከብዳል፤ በዚያ ያለው ሙቀት ይህን የመሰለውን ልባስ ፈጥኖ ስለሚያተነው፣ በብዙዎቹ ቶሪየም የተቀላቀለበት ተንግስተን ሲያገለግል ኖሯል። ቶሪየም ግን በጠባዩ ጨረር አመንጪ በመሆኑ፣ ሊቃውንቱ በላንታነም፣ በሴሪየምና በኢትሪየም ኦክሳይድ ሊተኩት ደክመዋል። ወርቃማ ብርሃን በሚሰጠው የሶዲየም መብራት ደግሞ፣ ኤሌክትሮዱን የሚሸከመው የኒዮቢየም ብረት ነው፤ ይኸውም ኒዮቢየም ሲሞቅ የሚሰፋው ከአሉሚና ሴራሚኩ ቱቦ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ስለሆነ፣ መጋጠሚያው ሳይሰነጠቅ ይጸናል።

ወደ ደጋው መብራት ብንመለስ፣ ብርዱ የሜርኩሪውን ትነት ሲቀንስ፣ የመስመሩም ቮልቴጅ ከ220 በታች ሲወርድ፣ ሽቦው በወጉ ሳይግል ቱቦው ሊነሣ ይታገላል፤ በዚያ ጊዜ የጋዙ አዮኖች ልባሱን እየደበደቡ ያረግፉታል፤ የረገፈውም በመስታወቱ ጫፍ ላይ እያረፈ ያጠቁረዋል። ልባሱ ባለቀ ጊዜ፣ ጋዙም መስታወቱም ደኅና ሳሉ መብራቱ ያልቃል። እንግዲህ ለጥቂት ደቂቃ ብሎ ፍሎረሰንትን ማጥፋትና ማብራት ዕድሜውን ማሳጠር ነው፤ በድርግምታ የሚደክመውንም መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከመተው፣ አስቀድሞ ርካሹን ስታርተር መለወጥ ይበጃል፤ ያለቀውም ቱቦ ሜርኩሪ ስላለበት ሳይሰበር ከልጆች እጅ ይራቅ።