አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ፈቃዱን እንይ

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን ግን የጥርስ ሕመማችንን የምንሸሽገው ወደን ሳይሆን ዋጋውን ፈርተን ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ወገን ሌሊቱን በቅርንፉድና በታይሌኖል ይገፋል። ሲብስበት «በርካሽ የሚሠራ ሰው አለ» የሚል ወሬ ይሰማና አድራሻ ይጠይቃል። ለመሆኑ ያ ሰው ማን ነው? ፈቃድስ አለው? አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው?

አገር ቤት ጥርስ የሚነቅለው ወጌሻ የሚታመነው በወረቀት ሳይሆን በስሙና በዘመድ ምስክርነት ነው። በዚሁ እምነት የስንቱ ሕፃን እንጥል ተቆርጧል፣ የስንቱስ የወተት ጥርስ ተነቅሏል። ደም ፈሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ የሞተም አለ። ወላጅ አልቅሶ ከመቅበር በቀር አቤት የሚልበት አልነበረውም። እዚህ ግን አቤት የሚባልበት ቦታ አለ።

ይኸውም መቀመጫውን ኦስቲን ያደረገው የቴክሳስ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ነው። በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቦርዱ 11 አባላት አሉት፦ 6 የጥርስ ሐኪሞች፣ 3 የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎችና 2 የሕዝብ ተወካዮች። የሚሾማቸው የስቴቱ ገዢ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ፣ አቤቱታ የሚመረምር፣ ጥፋተኛን የሚያስጠነቅቅ፣ የሚቀጣ፣ ሲከፋም ፈቃድ የሚነጥቅ ይኸው ቦርድ ነው። ያለ ፈቃድ የጥርስ ሕክምና መስጠት በቴክሳስ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ነው። የተሠራበት እያንዳንዱ ቀን ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። አገር ቤት በሙያው ተመርቆ የመጣ ወገናችንም ቢሆን እውቀቱን ብናከብርለት፣ ፈቃድ ሳያገኝ መሣሪያ ቢያነሣ ከሕጉ አያመልጥም። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ፍርድ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል።

ሆኖም ፈቃድ ብቻውን ዋስትና አይደለም። የዳላሱ ቻናል 8 ቴሌቪዥን በ2011 እንዳጋለጠው፣ ቴክሳስ በ2010 በሜዲኬይድ በኩል ለልጆች የጥርስ ሽቦ 184 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ብዙው ሽቦ ለማያስፈልጋቸው ልጆች የታሰረ ነበር። ያሰሩትም ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። በ2015 ደግሞ ዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ በመላው አሜሪካ በጥርስ ሕክምና ላይ ስለሞቱ ሰዎችና ስለ ቦርዶች ልል ቁጥጥር ተከታታይ ዘገባ አወጣ። ከዚህ በኋላ ነው የቴክሳስ ምክር ቤት በ2017 ሕጉን ያጠበቀው። ጠንከር ያለ ማደንዘዣ የሚሰጡ ሐኪሞችን ቦርዱ በአካል ሄዶ እንዲፈትሽ ታዘዘ። ማደንዘዣ እንደ ጥንካሬው የየራሱ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ልጅዎ «ተኝቶ ይሠራለታል» ሲባሉ፣ ሐኪሙ የዚያ ደረጃ ፈቃድ እንዳለው፣ ልጁ ሲተኛ አተነፋፈሱን የሚከታተለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

«ጉዳት ከደረሰ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ» የሚል ይኖራል። በቴክሳስ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ከ2003 ወዲህ ለሥቃይና ለሐዘን ከአንድ ሐኪም የሚገኘው ካሣ ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። ክሱም በአብዛኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ የባለሙያ የጽሑፍ ምስክርነትም ይፈልጋል። ለቦርዱ አቤት ለማለት ግን ጠበቃም ገንዘብም አያስፈልግም። ቦርዱ ካሣ አያስፈርድልዎትም፤ ግን የሚቀጥለውን በሽተኛ ያድናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅድሚያ የሐኪሙን ስም ከቦርዱ መዝገብ እናጣራ። ፈቃዱ የጸና መሆኑና ከዚህ በፊት በይፋ የተቀጣ መሆን አለመሆኑ እዚያ ይታያል፤ ፈቃዱም በሚሠራበት ቢሮ ተሰቅሎ መታየት አለበት። የስምምነት ወረቀት ሳይገባን አንፈርም። ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበትና የአሥር ዓመት ልጃችንን አስተርጓሚ አናድርግ። የሕክምና መዝገባችንን ቅጂ መጠየቅ መብታችን ነው፤ የቀድሞ ሕክምና ዕዳ አለባችሁ ተብሎ አይከለከልም።

የዋጋው ነገር ለከበደው ደግሞ በዳላስ ጋስተን ጎዳና የሚገኘው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አለ። በ1905 የተመሠረተ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ቁጥጥር ሥር ከግል ሐኪም ባነሰ ዋጋ ያክማሉ። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ሥራ አስተማሪ ያየዋል።

ትልቁ ችግራችን ይሉኝታ ነው። «ያገሬን ልጅ እንጀራ አልዘጋም» እንላለን፣ አለዚያም «ወረቀቴ ላይ ነገር ያመጣብኛል» ብለን እንፈራለን። ቦርዱ የሚመረምረው የሐኪሙን ሥራ እንጂ የበሽተኛውን መኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ተብሏል። እዚህ ላይ ዝም ብንል ግን የሚቀረው ሹመት አይደለም፤ ነገ በዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ነው የሚጎዳው።