«ሐላል» የሚለው ጽሑፍ ሠራተኛዋንም ይመለከታል፦ የሆቴል ሠራተኞችን ከሥራ ላይ ጉዳት ስለመጠበቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ነቀምቴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጉቴን ያገኛል። ጉቴ የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ ናት። ነቀምቴ ደግሞ ወደ ጊምቢ፣ ወደ በደሌ እና በአንገር ጉትን በኩል ወደ ቡሬ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ የመንገድ ከተሞች ሆቴልና ምግብ ቤት ለብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ከገጠር ለሚመጡ እህቶቻችን፣ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራ ነው።

ሙስሊሙ ተጓዥ ከመቀመጡ በፊት በሩ ላይ «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ሥጋው በማን እንደታረደም ይጠይቃል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሳምቡሳውን ስትጠብስ እጇ የተቃጠለው ልጅ ታክማለች ወይስ ወደ ቤተሰቧ ተሸኝታለች? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

«ቀደር ነው» ማለት የት ላይ ይጀምራል?

አደጋ ሲደርስ ቶሎ የሚሰማው ቃል «የአላህ ውሳኔ ነው» የሚለው ነው። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ የተጎዳንም ሰው ያጽናናል። ችግሩ ይህ ቃል መጠንቀቅ የነበረበት ሰው ከኃላፊነት ማምለጫ ሲያደርገው ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በሰዎቹ ላይ ተቃጠለ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ጠላት መሆኑን አስገንዝበው፣ ሰው ሲተኛ እንዲያጠፋው አዘዙ። ቀደርን ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ከአደጋው በኋላ የሰጡት ትምህርት የጥንቃቄ መመሪያ ነበር። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥም በእጃችን ሥር የሚሠሩት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው አስተምረዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም ከአምስቱ ታላላቅ መርሆች መካከል ጉዳት መወገድ እንዳለበት የሚደነግገውን ይቆጥራሉ። እንግዲህ የሠራተኛን ደኅንነት መጠበቅ አማና ነው፤ ባለቤቱ ደስ ሲለው የሚሰጠው ሰደቃ አይደለም።

አደጋው ከየት ይመጣል?

የሆቴል ሥራ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጓዳው ግን እሳት፣ ቢላዋ፣ ኤሌክትሪክና ኬሚካል በጠባብ ቦታ የሚገናኙበት ነው።

የመጀመሪያው ቃጠሎ ነው። በረመዷን ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት አስቡት፤ ጾመኛ ሠራተኛ፣ የፈላ ዘይት፣ የሚጣደፍ ደንበኛ። ሳምቡሳውን ቀድሞ አዘጋጅቶ መጥበሱን በሁለት ሰው መከፋፈል ችኮላውን ይቀንሳል። ዘይት እሳት ከያዘው ውሃ መድፋት እሳቱን ይበትነዋል። ጋዙን ማጥፋትና ድስቱን በክዳን መክደን ነው የሚያድነው። የጋዝ ሲሊንደር ቆሞ ይቀመጥ፤ ቱቦው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከተሰማ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት እንጂ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም።

ሁለተኛው የከሰል ጭስ ነው። በወለጋ ክረምት የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ብርዱን ለመከላከል ከሰል ይዞ ክፍሉን ይዘጋል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መብራት ሲጠፋ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚነሳ ጄኔሬተርም አደጋው አንድ ነው። ለጥበቃው ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ መግዛት ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ሦስተኛው ጽዳት ላይ ነው። በረኪናን ከአሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። አንዱን ተጠቅሞ በደንብ ካጠቡ በኋላ ብቻ ሌላውን መጠቀም ይገባል። አልጋ የምታነጥፍ ሠራተኛ አንሶላውን ከማቀፏ በፊት በጓንት ታራግፈው፤ በውስጡ ምላጭ ወይም መርፌ ሊኖር ይችላል። ፍራሽ ለሁለት ይነሳ። የፈሰሰ ውሃና ዘይት ወዲያው ይጠረግ።

የተቃጠለ ቦታ ላይ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ሊጥ አይቀባም። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቆ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዝርዝሩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ይገኛል። አሠሪ ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን ማስተማር፣ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ ነው። ስለዚህ ምንም መመሪያ ያልሰጠ ባለ ሆቴል «አልተጠነቀቀችም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሠራተኛዋም የተሰጣትን ጓንት ትታ በባዶ እጅ መሥራት የለባትም።

የሕክምና ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ከሥራ ውጭ ሲሆን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠሩም።

«እኔ እኮ ውል አልፈረምኩም» የምትል እህት አትሸበር። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ ጽሑፍ አለመኖሩ መብቷን አያሳጣትም። የደረሰባትን ቀንና ሰዓት፣ አብረዋት የነበሩትን ሰዎች ስምና የሐኪም ማስረጃ ትያዝ። ሳትዘገይም የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ለፍርድ ቤት ታመልክት።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ባለ ሆቴሎች በዚህ ሳምንት በአንድ ቀን ጓዳቸውን ይዙሩ፤ የጋዝ ቱቦ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሚያንሸራትት ወለል፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። አብዛኛው የሚጠይቀው ትንሽ ገንዘብና ትኩረት ነው። ኢማሞችና ዱዓቶች ስለ ንግድ አማና ሲያስተምሩ የሠራተኛን አካል አይርሱ። እኛ ደንበኞችም አፍጥር ሲቃረብ በጓዳው በኩል «ቶሎ በሉ!» ብለን ከመጮህ በፊት ከዘይቱ አጠገብ የቆመችውን እናስብ።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃቸውን በላባቸው የሚፈልጉትን ሁሉ ይጠብቅልን፤ አሠሪዎቻችንንም አማናቸውን የሚወጡ ያድርጋቸው። አሚን።