ያውቁ ኖሯል? የነዳጅ ጎተራ፦ ከዶራሌ ወደብ እስከ ላስታ ተራራ

ላሊበላ ላይ ቤንዚን መጥፋቱን ሬዲዮ እስኪናገር የሚጠብቅ የለም፤ ባጃጆች ከማደያው በር ጀምረው እየተጠማዘዙ ከተሰለፉ ነገሩ ታውቋል። በሰልፉ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ቦቴው የት ደረሰ?» ከእሱ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሰሚ የለውም፤ ቦቴው ቢዘገይ ለስንት ቀን የሚበቃ ተጠራቅሟል? የነዳጅ ማጠራቀሚያ ይስፋ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ከወደቡ እስከ ተራራው በአጭር በአጭሩ እነሆ።

መንገዱ

• ያውቁ ኖሯል? ላሊበላ የሚደርስ ናፍጣ ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። ጅቡቲ ዶራሌ ላይ ከመርከብ ወደ ግዙፍ ታንከሮች ይገለበጣል። ከዚያ በቦቴ ተጭኖ በጋላፊ ይገባል፤ የአፋርን በረሃ ይዞ ሚሌ ይደርሳል። ሚሌ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በአዋሽ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በባቲ ወደ ኮምቦልቻ። ወደ ላስታ የሚሄደው ደሴንና ወልድያን አልፎ ጋሸና ላይ ይታጠፋል። ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ትጠብቀዋለች።

• ከወልድያ ጋሸናን አልፎ እስከ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና «ቻይና መንገድ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ቻይና ብድር ፈቀደች፤ መንገዱ ግን የተሠራው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነው።

• ወሎ በአንድ ወቅት የነዳጅ ማጣሪያ ጎረቤት ነበር። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተገነባው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ ድፍድፉን ወደ ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ይለውጥ ነበር። የአሰብ መንገድ ደግሞ በቡሬና በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በማግሥቱ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣና ወደቡም መንገዱም ተዘጉ።

• ነዳጅ ሁሌ ከምሥራቅ ብቻ አልመጣም። ለዓመታት የሀገሪቱ ቤንዚን በከፊል ከሱዳን በመተማ በኩል ይገባ ነበር።

• እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ቧንቧው አልተዘረጋም። በዚያው ዓመት የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ የ392 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ሥራ ጀመረ። እስካሁን ግን ሰሜን ወሎ ነዳጅ የሚያየው በቦቴ ጀርባ ላይ ነው።

ጎተራው

• ያውቁ ኖሯል? የነዳጅ ማጠራቀሚያ ዋና መለኪያው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከተነሣው የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ፣ አባል ሀገሮቹ ከሚያስገቡት የተጣራ መጠን የ90 ቀን እንዲያኖሩ ያስገድዳል። የሁለት ዓመት እህል በጎተራ የነበረው የድሮ የላስታ ገበሬ ይህን ስሌት ያለ ኤጀንሲ ያውቀዋል።

• ኢትዮጵያ የነዳጅ መጠባበቂያ ዴፖዎች አሏት። አዋሽና ኮምቦልቻ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ነዳጁን ከውጭ የሚገዛው መንግሥታዊው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ በየማደያው ስማቸው የተለጠፈው ኩባንያዎች ከእሱ ተረክበው ያከፋፍላሉ። ከሁለቱ ለላሊበላ የሚቀርበው እንግዲህ ኮምቦልቻ ነው።

• ታንከርን ከማስረዘም ማስፋት ያዋጣል። ቁመቱ 10 ሜትር፣ የአፉ ስፋትም 10 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር 785,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቁመቱን ሳይነኩ ስፋቱን ወደ 20 ሜትር ቢያሳድጉት ይዘቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ3.1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይሆናል። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ቢጭን የ17 ቦቴው ታንከር የ70 ቦቴ ሆነ ማለት ነው። ዴፖ ሲስፋፋ የመጀመሪያው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

• አዲስ ታንከር መጀመሪያ የሚጠጣው ውኃ ነው። ነዳጅ ከመግባቱ በፊት እስከ አፉ ውኃ ተሞልቶ ብየዳው ያፈስ እንደሆነ፣ መሠረቱም ይሰምጥ እንደሆነ ይታያል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ፣ ውኃውን የቻለ ታንከር ነዳጁን ይችላል።

• በታንከሮች ዙሪያ የሚታየው አጭር ግንብ የሌባ መከላከያ አይደለም። አንድ ታንከር ቢፈነዳ ፈሳሹን አቁሮ የሚያስቀር ነው፤ በተለመደው መለኪያ በግቢው ካሉት ታንከሮች ትልቁ ከሚይዘው 110 በመቶ መያዝ አለበት።

• የቤንዚን ታንከር ጣሪያ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ፣ ሲቀዳ ዝቅ ይላል። በፈሳሹና በክዳኑ መካከል ባዶ ቦታ ስለማይተው ቤንዚኑ ተኖ እንዳይባክን፣ ትነቱም ተጠራቅሞ እሳት እንዳይጠራ ያደርጋል።

• ነዳጅም እንደ እህል ይነቅዛል። ቤንዚን በወራት ውስጥ ጥራቱ እየወረደ ይሄዳል። ናፍጣ ከሥሩ ውኃ ካቆረ በሁለቱ መካከል ተዋሕስያን ይራባሉና ማጣሪያውን የሚደፍን አተላ ይፈጠራል። ስለዚህ መጠባበቂያ ነዳጅ ታሽጎ አይቀመጥም፤ አዲሱ ሲገባ የቆየው ይወጣል።

• የገበያ ዜና ላይ የሚጠራው «በርሜል» ላስታ ውስጥ ውኃ ከሚጠራቀምበት በርሜል ጋር አንድ አይደለም። የነዳጅ ገበያው በርሜል 159 ሊትር ነው፤ የግቢያችን የብረት በርሜል ከ200 ሊትር በላይ ይይዛል።

• ጀሪካን ስሙን ያገኘው ከጦርነት ነው። ባለ 20 ሊትሩን የብረት ዕቃ ጀርመኖች ለሠራዊታቸው ሠሩት፤ እንግሊዞች ማርከው ሲገለገሉበት ጀርመኖችን በሚጠሩበት የሽሙጥ ስም «ጄሪ» አሉት። ዛሬ ቢጫው ፕላስቲክ ከምንጭ ውኃ የሚቀዳበት ሆኖ ቀረ።

ሙቀት፣ ብልጭታና ከፍታ

• ያውቁ ኖሯል? ናፍጣ በረሃ ላይ ይፋፋል፣ ደጋ ላይ ይኮማተራል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በተለወጠ ቁጥር መጠኑ በ0.083 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ጅቡቲ ላይ በ38 ዲግሪ የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ፣ ደጋ ደርሶ 15 ዲግሪ ላይ ቢወርድ ወደ 860 ሊትር ያህል ጎድሎ ይለካል። ማንም አልሰረቀውም። ስለዚህ በትልልቅ ዴፖዎች ሊትር የሚቆጠረው በተወሰነ ሙቀት ተሰልቶ ነው።

• ቦቴ ከመገልበጡ በፊት ከብረቱ ወደ መሬት የሚታሰረው ሽቦ ለጌጥ አይደለም። ነዳጅ በቧንቧ ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ሽቦው ያንን ወደ መሬት ካላወረደው አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

• እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 እንግሊዝ ውስጥ በንስፊልድ የተባለው ዴፖ ጋየ። መነሻው ቀላል ነበር፤ የአንድ ቤንዚን ታንከር መለኪያ ተጣብቆ ቆመ፣ «ሞልቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያም አልሠራም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ደግሞ ኩባ ማታንሳስ ላይ መብረቅ ታንከር መትቶ እሳቱ ለቀናት ነደደ። ትልቅ ጎተራ ትልቅ ጥበቃ ይሻል።

• ላሊበላ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ጄኔሬተር እዚህ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ያህል አይሰጥም።

• የአያቶቻችን ኩራዝና ሹምሽሃ የሚያርፈው አውሮፕላን የሚጠጡት አንድ ዘር ነው። ነጭ ጋዝም የአውሮፕላን ነዳጅም ኬሮሲን ናቸው፤ የአውሮፕላኑ ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ድረስ እንዳይረጋ ተደርጎ ይጠራል።

ድንጋዩ

• ያውቁ ኖሯል? ነዳጅም ከአለት ተፈልፍሎ ቤት ይሠራለታል። ሲንጋፖር መሬት ስለጠበባት እ.ኤ.አ. በ2014 ጁሮንግ ላይ ከባሕር ግርጌ 130 ሜትር ዝቅ ብሎ የተፈለፈሉ ዋሻዎችን ከፈተች። ቁመታቸው የዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ያህላል፤ 1.47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነዳጅ ይይዛሉ። ህንድም በቪሻካፓትናም፣ በማንጋሎርና በፓዱር አለት ውስጥ 5.33 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ የሚይዝ መጠባበቂያ አላት።

• እነዚህ ዋሻዎች ውስጣቸው በብረት አይለበጥም። ነዳጁን የሚያግደው ውኃ ነው። ዋሻው የሚፈለፈለው ከከርሰ ምድር ውኃ በታች ነው፤ በዙሪያው ያለው ውኃ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ነዳጁ ሾልኮ መውጫ ያጣል፤ ሰርጎ የገባው ውኃም ከሥር ተጠራቅሞ በፓምፕ ይወጣል።

• ላሊበላ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዋና ጠላታቸው ውኃ ነው። ጠራቢዎቹ ጣሪያውን ሲያሾሉ፣ የግቢውን ወለል ሲያዘነብሉ፣ ቦይ ሲቀድዱ ያሰቡት ዝናቡን ማስወጣት ነበር። አንዱ ጠራቢ ውኃን ግድግዳ አደረገው፤ ሌላው ውኃን ከግድግዳው አራቀው።

• አሜሪካ ድፍድፏን ያኖረችው በጨው ውስጥ ነው። በቴክሳስና በሉዊዚያና ከመሬት በታች ያለ የጨው ክምችት በውኃ እየሟሟ ዋሻ ሆነ፤ ጠቅላላ ይዘቱ ከ700 ሚሊዮን በርሜል ይበልጣል። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ባገለገለበት ሀገር ጨው የነዳጅ ጎተራ መሆኑ ያስገርማል።

• ጋዝ ቀዝቅዞም ጎተራ ይገባል። የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆንና መጠኑ ወደ 600 ጊዜ ያንሳል። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ መስከረም 2018 ዓ.ም. የተመረቀው ፋብሪካ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ከተማዋና ቀኑ

• ያውቁ ኖሯል? ላሊበላ የመጠባበቂያን ዋጋ በራሷ ላይ አይታዋለች። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከአንድ ዓመት በላይ መብራት አልነበራትም። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲቆም እህል የሚፈጨው ናፍጣ ባገኘ ወፍጮ ነው፤ ናፍጣው ሲወደድ የማስፈጫው ዋጋም አብሮ ይወጣል። የነዳጅ እጥረት ገጠር የሚገባው በእንጀራ በኩል ነው።

• ታኅሣሥ 29 የልደት በዓል፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ፣ ከተማዋ ከነዋሪዎቿ ብዙ እጥፍ እንግዳ ታስተናግዳለች። እግረኛው ምእመን ነዳጅ አይፈልግም፤ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱና የሆቴሉ ጄኔሬተር ግን ይፈልጋሉ። ማጠራቀሚያ የሚለካው በአዘቦት ቀን ሳይሆን እንዲህ ባለው ሳምንት ነው።

• መጠባበቂያ ዘይት በቅዱስ መጽሐፍም አለ። በማቴዎስ 25 ከዐሥሩ ደናግል አምስቱ ልባሞች የተባሉት ከመብራታቸው ሌላ በማሰሮ ትርፍ ዘይት ስለያዙ ነው። ሙሽራው ዘገየ፤ ልክ እንደ ቦቴው።

• ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከልክላለች፤ ከኤሌክትሪኳም አብዛኛው ከውኃ ይመነጫል። ቦቴዎቹ፣ ትራክተሮቹና የጭነት መኪኖቹ ግን ዛሬም ናፍጣ ነው የሚጠጡት፤ ሀገሪቱ ከምትቀዳው ነዳጅም ትልቁን ድርሻ የያዘው ናፍጣ ነው።

• በመጨረሻ፣ ሰልፉ ሲረዝም ብዙ ሰው የራሱን ዴፖ ቤቱ ያቋቁማል፤ ጀሪካን ከአልጋ ሥር፣ ሃይላንድ ከበር ጀርባ። ይህን ይወቁ፦ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃውን ወይም ጧፉን ያገኛል፤ እሳቱም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ጀሪካኑ ዘንድ ይደርሳል። ጎተራው ኮምቦልቻ ላይ ይስፋ፤ ከአልጋዎ ሥር ያለውን ግን ዛሬውኑ ያውጡት።